አፈንጋጩን ቃል አትሰርዙት

ሥነ ድምፅ (ፎኖሎጂ) ሳስተምር ከምሰጣቸው የመጀመሪያ መልመጃዎች አንዱ የትእዛዝ ግሦችን መሰብሰብ ነው። ወንዱን “ክፈት” ካልን ሴቷን “ክፈቺ” እንላለን። “ውሰድ” “ውሰጂ” ይሆናል፤ “ቁረጥ” “ቁረጪ”፣ “ልበስ” “ልበሺ”፣ “ያዝ” “ያዢ”፣ “ለምን” “ለምኚ”፣ “ክፈል” “ክፈዪ”። ሕጉን ለማየት ብዙ ጊዜ አይፈጅም፤ በምላስ ጫፍ ድድ ላይ የሚፈጠር ተናባቢ “ኢ” ሲከተለው ላንቃዊ ይሆናል። “ጻፊ”፣ “ሰብስቢ”፣ “ፈልጊ”፣ “ጠብቂ” የማይለወጡት ተናባቢዎቻቸው ከከንፈር ወይም ከምላስ ጀርባ ስለሚወጡ ነው።

ቀጥሎ “ንገሪ” ይመጣል። “ር” የምትፈጠረው እዚያው ድድ ላይ ነው፤ ሆኖም አትለወጥም። እዚህ ላይ ገሚሱ ተማሪ ቃሉን ከዝርዝሩ ያወጣዋል፤ ገሚሱ ደግሞ ከገጹ ግርጌ “ልዩ ሁኔታ” ብሎ ጽፎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል። ሁለቱም መንገዶች ከትምህርቱ ዋናውን ክፍል ያስቀራሉ።

“ር” ያፈነገጠችው በአንድ ቃል ብቻ አይደለም። “ስበሪ”፣ “ዘምሪ”፣ “አስተምሪ” ብትሉም ያው ናት። ከትእዛዝ ግሥ ወጥታችሁ የድርጊት ፈጻሚ ስሞችን ብትመለከቱ “ከፋች”፣ “ወሳጅ”፣ “ቆራጭ” ሲለወጡ “ነጋሪ” እና “ዘማሪ” ባሉበት ይቀራሉ። የመሣሪያ ስም ላይም “መክፈቻ” እና “መቁረጫ” አሉ፤ “መስበሪያ” ግን “ር”ን እንደያዘ ነው። እንዲህ በየቦታው ሳይዛነፍ የሚደጋገም ነገር ራሱ ሥርዓት ነው። ምክንያቱም ሩቅ አይደለም፤ “ት” “ች”ን፣ “ን” “ኝ”ን የመሰለ ላንቃዊ አቻ አላቸው፣ “ል” እንኳ “ይ”ን ተጠግታለች፤ አማርኛ ለ“ር” እንዲህ ያለ አቻ የለውም። በሌሎች ቋንቋዎችም “ር” ላንቃዊነትን አጥብቃ ትቋቋማለች። ሩሲያኛ እስከ ዛሬ የያዘውን የለሰለሰ “ር” የቅርብ ዘመዱ ቤላሩስኛ ጥሎታል።

አፈንጋጭ ቃላትን በቁም ነገር መያዝ ምን እንደሚያስገኝ የሙያው ታሪክም ይመሰክራል። ያኮብ ግሪም እ.ኤ.አ. በ1822 የጀርመንኛና የዘመዶቹ ተናባቢዎች ከጥንቱ የኢንዶ-አውሮፓ ድምፆች እንዴት እንደተለወጡ በሕግ አስቀመጠ። በሕጉ መሠረት የጥንቱ “ት” ምላስ በጥርሶች መካከል ሆኖ ወደሚፈጥረው ሹክታዊ ድምፅ ይለወጣል። በላቲን “ፍራተር” የተባለው ወንድም ከጥንቶቹ ጀርመናዊ ቋንቋዎች አንዱ በሆነው በጎቲክ እንደተጠበቀው ሆነ። “ፓተር” የተባለው አባት ግን በዚያው በጎቲክ “ድ” ይዞ ተገኘ። ለአሥርት ዓመታት እንዲህ ያሉት ቃላት ያለ ማብራሪያ ቆዩ። በ1870ዎቹ ዴንማርካዊው ካርል ቬርነር ወደ ሳንስክሪት ዞሮ ጫናው (ስትረሱ) በየትኛው ቀለም ላይ እንደሚያርፍ ተመለከተ። “ብራታር” ላይ ጫናው ከድምፁ ይቀድማል፤ “ፒታር” ላይ ከድምፁ በኋላ ይመጣል። ጀርመናዊዎቹ ቋንቋዎች ያንን ጥንታዊ ጫና ቢያጡትም አሻራው በተናባቢዎቹ ላይ ቀርቶ ነበር። ግርጌ የተጣለው ዝርዝር በመጨረሻ የራሱ ሕግ ተገኘለት፤ የግሪምም ሕግ ጸና።

ስለ ጫና ሳስተምር ሁልጊዜ የማነሣው ሌላው ምሳሌ ቱርክኛ ነው። በአማርኛ ጫና ደካማ ነው፤ “ገና”ን ከ“ገና”፣ “ዋና”ን ከ“ዋና” የሚለየው ማጥበቅና ማላላት ነው። በቱርክኛ ግን ጫናው ጎልቶ ይሰማል፤ በአብዛኛው የሚያርፈውም በመጨረሻው ቀለም ላይ ነው። የቦታ ስሞች ከዚህ ያፈነግጣሉ። “አንካራ” የመጀመሪያውን ቀለም፣ “ኢስታንቡል” መካከለኛውን ያጎላል። ኤንጊን ሴዘር የተባለው የቋንቋ ሊቅ እነዚህን ስሞች መርምሮ ሥርዓታቸውን አሳየ፤ ከመጨረሻው ሦስተኛው ቀለም በተናባቢ የተዘጋ ሆኖ ቀጣዩ ክፍት ከሆነ ጫናው ሦስተኛው ላይ ይወድቃል፣ ካልሆነ ከመጨረሻው በፊት ባለው ላይ። “አን-ካ-ራ” እና “ኢስ-ታን-ቡል” ብላችሁ ከፋፍላችሁ ሞክሩት። ያፈነገጡት ስሞች እርስ በርሳቸው ተስማምተው ኖረዋል።

ወደ አማርኛ ልመለስና ተማሪዎቼን ይበልጥ የሚያከራክረውን ላንሣ። “ከፈተ” ያለ ሰው ስለ ራሱ ሲናገር “ከፍቼ” ይላል፤ “ወሰደ” “ወስጄ”፣ “ለመነ” “ለምኜ” ይሆናል። እዚህ ላንቃዊ የሚያደርገው “ኤ” ነው። ታዲያ ስለ ምን “እናቼ” አንልም? “እናቴ”፣ “ቤቴ”፣ “ሆዴ”፣ “ዓይኔ” ሁሉ “ኤ” እያላቸው ተናባቢዎቻቸው አልተነኩም። “ሴቲቱ” ስንልም “ሴቺቱ” አይሆንም። በግእዝ ብንሄድ “ቤትየ” እና “ቀቲልየ” ላይ የምናገኘው ቅጥያ አንድ “የ” ነው፤ ስለዚህ ልዩነቱ ከምንጩ አልመጣም። ሕጉ ግሥ ውስጥና ከግሥ በሚረቡ ቃላት ውስጥ ይሠራል፤ ባለቤትነትን የሚያመለክተው ቅጥያ ስም ላይ ሲጨመር አይሠራም። ከምዕላድ (ትርጉም ካለው ትንሹ የቃል ክፍል) ውስጥም አይገባም፤ “ጢም”፣ “ዲዳ”፣ “ቲማቲም” ማስረጃ ናቸው። የቋንቋ ሊቁ ፖል ኪፓርስኪ በፊንላንድኛ የተመለከተው ለዚህ ይቀርባል፤ እዚያ “ት” ከ“ኢ” ፊት “ስ” የምትሆነው በዋናነት በምዕላድ ድንበር ላይ እንጂ በምዕላድ ውስጥ አይደለም። ከእነዚህ ቃላት የምንማረው የድምፅ ሕግ ጆሮ በሚሰማው ብቻ እንደማይወሰን፣ የቃሉን አሠራርም እንደሚያይ ነው። “እናቴ” የምትለውን ቃል ከዝርዝሩ ያወጣ ሰው ይህን ሊያውቅ አይችልም።

ከምክንያት ውጭ የሆኑ ቃላት የሉም እያልኩ አይደለም። “መጣ” ለሚለው ግሥ “ምጪ” ሳይሆን “ነይ” እንላለን፤ ይህ በየትኛውም የድምፅ ሕግ አይወጣም፣ ሕፃን ሁሉ በቃሉ ይይዘዋል። ኖም ቾምስኪና ሞሪስ ሃሌም በ1968 የእንግሊዝኛን ጫና በሕግ ለማስላት በደከሙበት ታላቅ ሥራ ላይ ለሕጉ የማይገዙ ቃላትን በመዝገበ ቃላት ውስጥ ምልክት አድርገውባቸዋል። ነገር ግን “ይህ በቃል የሚያዝ ነው” የሚለው ፍርድ ምርመራው ካለቀ በኋላ የሚሰጥ መሆን አለበት። ከምርመራው በፊት ከተሰጠ ስንፍና ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎቼም፣ የአማርኛ ንግግር ለኮምፒውተር ለሚያስተምሩ ወጣት ባለሙያዎችም፣ ሰዋስው ለምታስተምሩ መምህራንም የምለው አንድ ነው። ቃል ሲያፈነግጥባችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ሌላ ምን ቃል አብሮት አፈነገጠ? የጋራቸው ድምፅ ወይም የጋራቸው ቅጥያ ምንድን ነው? ቃሉ ከየት መጣ? መልሱን ከሕጉ ጎን ጻፉት እንጂ ከገጹ ግርጌ አትጣሉት። ሕጉን በእርግጠኝነት የምታውቁት የሚቆምበትን ቦታ ስታውቁ ነው።