ማጉያው በቦርሳ፦ የጊታር ዲጂታል ድምፅ ከአዲስ አበባ እስከ ላንጋኖ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የላንጋኖ ሐይቅ፣ ውኃው ቡናማ ቢሆንም ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች መካከል ለዋና የሚመረጥ በመሆኑ፣ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ የከተሜው የበዓልና የሳምንት መጨረሻ ማረፊያ ሆኖ ቆይቷል፤ በዳርቻው የተሠሩት ሆቴሎችና ሎጆችም በበዓል ሰሞን እንግዳቸውን በሙዚቃ ማስተናገድ ይወዳሉ። ይሁን እንጂ የሐይቅ ዳር መድረክ እንደ አዲስ አበባ የምሽት ክበብ ዕቃው ተተክሎ የሚጠብቅበት ቦታ ስላልሆነ፣ እዚያ የሚጫወት ባንድ ከድራሙ እስከ ስፒከሩ አብዛኛውን ዕቃ ጭኖ መውረድ፣ ሜዳ ላይ መዘርጋት፣ ሲያበቃም ነቅሎ መመለስ ይኖርበታል። ከዚህ ጭነት ውስጥ የጊታር ተጫዋቹን ድርሻ የሚያከብደው ጊታሩ ሳይሆን ማጉያው፣ በሙያተኛው አጠራር አምፑ ነው። በዓለም መድረኮች የታወቀው ፌንደር ትዊን ሪቨርብ ብቻውን 29 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የእሱን ድምፅ እተካለሁ ከሚሉት ዲጂታል መሣሪያዎች ብዙዎቹ ግን ከ2 ኪሎ ግራም በታች የሚመዝኑ፣ ከጊታሩ ጋር በአንድ ቦርሳ የሚገቡ ሣጥኖች ናቸው።

ይህ ሣጥን ምን እንደሚሠራ ለመረዳት፣ የሚተካው ማጉያ ምን ይሠራ እንደነበር አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ጊታር ብቻውን እምብዛም ድምፅ የለውም፤ ከብረት ክሮቹ ሥር የተቀመጠው ፒክአፕ፣ ማለትም በማግኔት ዙሪያ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ፣ የክሩን ንዝረት ወደ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይለውጠዋል፣ ማጉያውም ይህን ሞገድ ስፒከር ለማንቀሳቀስ እስኪበቃ ድረስ ያጎለብተዋል። ነገር ግን የጊታር ማጉያ የተሰጠውን እንዳለ የሚያስተላልፍ መሣሪያ አይደለም። በአሮጌዎቹ ማጉያዎች ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ቫልቭ፣ አየር የወጣለት የመስታወት ብልቃጥ ሲሆን፣ ተጫዋቹ ክሩን በኃይል ሲመታ የሞገዱን ጫፍ አለዝቦ ይቆርጠዋል፤ ከዚህ መቆረጥ በመነሻው ድምፅ ላይ ያልነበሩ ተጨማሪ ድምፆች ይወለዳሉ፣ ዲስቶርሽን የሚባለውም ይኸው ነው። ስፒከሩም የራሱን ድርሻ ይወስዳል፤ የተለመደው ባለ 12 ኢንች የጊታር ስፒከር በሰከንድ ከ5,000 ንዝረት በላይ የሆኑትን ቀጫጭን ድምፆች በአብዛኛው ስለማያወጣቸው፣ ጆሮን የሚቧጥጠው ክፍል ከአድማጩ ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ የጊታር ድምፅ የሚባለው ከጊታር፣ ከማጉያና ከስፒከር የተሠራ አንድ ውህድ ነው፤ ማጉያውን ማስቀረት የሚፈልግ ሰው ይህን ሁሉ በሌላ መንገድ መሥራት ግድ ይለዋል።

ሞዴሊንግ የሚባለው የቴክኖሎጂ ዘርፍ የተነሣው ለዚህ ነው። የጊታሩ ሞገድ ወደ መሣሪያው እንደገባ በሰከንድ 44,100 ወይም 48,000 ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ እየተለካ ወደ ቁጥር ይለወጣል፤ በውስጡ ያለው ፕሮሰሰር በእነዚህ ቁጥሮች ላይ የቫልቩን፣ የትራንስፎርመሩንና የስፒከሩን ጠባይ የሚመስል ስሌት ይሠራል፣ ውጤቱም ተመልሶ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ይለወጣል። የአሜሪካው ላይን ሲክስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው ፖድ የተባለ፣ ቀይና የኩላሊት ቅርጽ ያለው መሣሪያ ይህን አሠራር ከባለሙያ ስቱዲዮ አውጥቶ ወደ ተራው ተጫዋች ጠረጴዛ አመጣው፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2006 ፍራክታል ኦዲዮ አክስ-ኤፍኤክስን፣ በ2015 ላይን ሲክስ ራሱ ሄሊክስን ይዘው መጡ። እነዚህ ሁሉ በመሠረቱ የማጉያውን የውስጥ ክፍሎች እያንዳንዳቸውን በሒሳብ የሚገልጹ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በጀርመኑ ኬምፐር የታወቀው ሁለተኛው መንገድ ግን የማጉያውን ሆድ ሳይከፍት፣ የሙከራ ድምፅ ወደ ውስጥ ልኮ የሚወጣውን በመቅዳትና ሁለቱን በማነጻጸር የማጉያውን ጠባይ ይይዛል፤ ይህ አያያዝ ፕሮፋይል ወይም ካፕቸር ይባላል። ኒውራል ዲኤስፒ የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ ኳድ ኮርቴክስ በተሰኘው መሣሪያው፣ ከዚያም በነፃ የሚገኘው ኒውራል አምፕ ሞዴለር የተባለ ሶፍትዌር፣ ይህንኑ ሥራ ከናሙና ለሚማር የኮምፒውተር ስሌት ሰጥተውታል።

ስፒከሩን ለመተካት የሚያገለግለው ደግሞ ኢምፐልስ ሪስፖንስ የተባለ አጭር ፋይል ነው። ባዶ አዳራሽ ውስጥ አንድ ጊዜ ያጨበጨበ ሰው የአዳራሹን ስፋትና ግድግዳ ከሚመለሰው ድምፅ ሊገምት እንደሚችል ሁሉ፣ ይህ ፋይልም አንድ ስፒከርና ፊት ለፊቱ የቆመ ማይክሮፎን ለአንድ አጭር የድምፅ ምት የሰጡትን ምላሽ ይዞ፣ ያንን ምላሽ በሚገባው ድምፅ ሁሉ ላይ ያሳርፋል። ብዙ ጀማሪ ተጫዋቾች ማጉያ መምረጥ ላይ ሰዓታት ሲያጠፉ ይህን ፋይል ግን እንደ ትርፍ ነገር ያልፉታል፤ ሆኖም ከሁለቱ ድምፁን ይበልጥ የሚለውጠው አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ ነው።

አዘውትሮ የሚነሣው ጥርጣሬ መዘግየትን፣ በባለሙያው ቋንቋ ላተንሲን፣ ይመለከታል፤ ክሩ በተመታበትና ድምፁ በተሰማበት ቅጽበት መካከል ስሌቱ የሚወስደው ጊዜ አለና። ይህ ጊዜ ለዚሁ ተብለው በተሠሩት መሣሪያዎች ላይ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሚሊ ሰከንድ 34 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚጓዝ፣ ከማጉያው 3 ሜትር ርቆ የሚጫወት ሰው ድምፁን ወደ 9 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ሲሰማው ኖሯል፤ ማንም ግን በዚህ አላጉረመረመም። ችግሩ የሚታየው ተራ ላፕቶፕን እንደ ማጉያ ለመጠቀም ሲሞከር ነው፤ በዚያ ጊዜ መዘግየቱ በአግባቡ ካልተስተካከለ የተጫዋቹ እጅና ጆሮ ይለያያሉ።

እስከዚህ የተነገረው በለንደንም በቶኪዮም አንድ ነው። ላንጋኖ ላይ ግን ከሁሉ በፊት የሚመጣው ጥያቄ መብራት ነው። ከሐይቁ በስተሰሜን ባለው የአሉቶ ተራራ ላይ ከ7 ሜጋ ዋት ጥቂት የሚበልጥ ኃይል እንዲያመነጭ የተተከለው የአሉቶ ላንጋኖ ጣቢያ የአገሪቱ የመጀመሪያው የከርሰ ምድር እንፋሎት ኃይል ማመንጫ ቢሆንም፣ በብልሽት ለረጅም ጊዜ የቆመባቸው ዓመታት አሉ፤ የሐይቅ ዳር ሎጅም መብራት ሲጠፋ እንደ ሌላው ሁሉ በጀነሬተር ይመካል። የጀነሬተር ቮልቴጅ ደግሞ ፍሪጅ ወይም የውኃ ፓምፕ በተነሣ ቁጥር ይዋዥቃል። ለቫልቭ ማጉያ ይህ አደገኛ ነው፤ ይልቁንም ዘመድ ከአሜሪካ ይዞት የመጣ ማጉያ ለ120 ቮልት የተሠራ በመሆኑ ከኢትዮጵያው 220 ቮልት ጋር ያለ መቀነሻ ትራንስፎርመር የተገናኘ ዕለት ፊውዙን፣ ዕድል ከጎደለም ትራንስፎርመሩን ያቃጥላል። አብዛኞቹ ዲጂታል መሣሪያዎች በአንጻሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ባለው ክልል ውስጥ በሚሠራ ኃይል አቅራቢ ስለሚነሡ፣ መጠነኛ መዋዠቅ አይነካቸውም። መብራቱ ጨርሶ ከጠፋ ግን ኮምፒውተር ናቸውና ይዘጋሉ፤ ሲመለስ እንደገና እስኪነሡ ድረስ ዘፋኙ ያለ ጊታር ይቀጥላል፣ በሳውንድ ቼክ ጊዜ ተስተካክሎ ሳይቀመጥ የቀረ ድምፅም አብሮ ይጠፋል። አነስተኛ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ባትሪ ያለው መሣሪያ፣ ከአዲስ ፔዳል በፊት መገዛት ያለበት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ተጫዋቹ ራሱን የሚሰማበት መንገድ ነው። ቀድሞ ማጉያው ከጀርባው ቆሞ ድምፁን በአየር ስለሚገፋው፣ የድምፅ ባለሙያው ቢዘነጋው እንኳ ተጫዋቹ ራሱን ይሰማ ነበር፤ ዲጂታሉ ግን በገመድ በቀጥታ ወደ ሚክሰር ስለሚገባ፣ ሞኒተር የሚባለው ወደ መድረኩ የዞረ ስፒከር ካልተሰጠው ጊታሪስቱ የሚጫወተውን ሳይሰማ ሊጫወት ይችላል። በዚህ ላይ ቤት ውስጥ በሄድፎን ተመርጦ የተቀመጠ ድምፅ መድረክ ላይ ሲወጣ ጆሮ የሚበላ፣ በወፍራሙም በኩል የሚያጓራ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። ምክንያቱም መሣሪያው አይደለም፤ የሰው ጆሮ ድምፅ ዝቅ ሲል ወፍራሞቹንና ቀጫጭኖቹን አሳንሶ፣ ከፍ ሲል ግን ሁሉንም አቀራርቦ የሚሰማ በመሆኑ፣ ሰፈር እንዳይረበሽ በዝቅታ የተስተካከለው ድምፅ በከፍታ ሲሰማ ሌላ ሆኖ ይመጣል። በመሆኑም ጠንቃቃ ጊታሪስቶች መድረክ ላይ የሚጠቀሙበትን ድምፅ በመድረክ ከፍታ ያስተካክላሉ፤ ወፍራሙንና ቀጭኑን ጠርዝም ይቆርጣሉ።

በአዳማ፣ በባቱና በሻሸመኔ ይህን መሣሪያ ለመያዝ የሚመኝን ወጣት ከሁሉ የሚከብደው ዋጋው ነው። ኤችኤክስ ስቶምፕ የተባለው የላይን ሲክስ ሣጥን እ.ኤ.አ. በ2018 በ599 ዶላር ገደማ ለገበያ ሲቀርብ፣ በዚያን ጊዜው ይፋ ምንዛሪ 17 ሺህ ብር አይሞላም ነበር፤ ዶላር 57 ብር ሲገባ 34 ሺህ ደረሰ፣ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀና ዶላር 110 ብር ካለፈ በኋላ ደግሞ የዚያው ዶላር ግምት ከ65 ሺህ ብር በለጠ፤ ይህም ቀረጥና ትርፍ ሳይታሰብ ነው። ስለዚህ ዕቃው አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በመንገደኛ ሻንጣ ነው፤ ሲበላሽም ኦርጅናል መለዋወጫ ይዞ የሚጠግን ወኪል በቅርብ አይገኝም። የቫልቭ ማጉያን ጎበዝ የሬዲዮ ጠጋኝ በብየዳ ሊያስነሣው ይችላል፣ የዲጂታሉን ፕሮሰሰር ግን ማንም አይነካውም፤ በዚህ ረገድ አሮጌው ከአዲሱ ይሻላል ማለት ስሕተት አይሆንም።

ዋጋውን ከፍሎ መሣሪያውን የያዘ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያጋጥመዋል። በፋብሪካ ተዘጋጅተው በውስጡ የሚመጡት ድምፆች፣ ፕሪሴት የሚባሉት፣ በአብዛኛው የእንግሊዝና የአሜሪካ ሮክ ተጫዋቾችን ማጉያ የሚመስሉ ናቸው። ይህ ለአንዳንዱ ይበጃል፤ ጃኖ ባንድን የመሰለ ሮክን ከአገርኛ ቅኝት ጋር ያዋሐደ ቡድን ከባዱን ዲስቶርሽን ይፈልገዋል። ለአብዛኛው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ግን ድምፁ ሌላ ነው። በራስ ሆቴል ይጫወት የነበረው፣ ማሕሙድ አሕመድን በ«እሬ መላ መላ» ያጀበውና ኋላ ሮሃ ባንድ ወደ መሆን የተሻገረው አይቤክስ ባንድ ያስለመደው የጊታር አመታት፣ በተለይ የሰላም ሥዩም ሊድ ጊታር፣ ከድምፃዊው ሥር እየተሽሎከለከ በሐረጎቹ መካከል የሚመልስ፣ በአምስት ድምፅ ቅኝት ውስጥ በፍጥነት የሚያጌጥ ነው። እንዲህ ያለው ጨዋታ በወፍራም ዲስቶርሽን ሲሸፈን ጌጡ ሁሉ ይጨፈለቃል፤ የሚፈልገው እያንዳንዱ የጣት ምት ተለይቶ የሚሰማበት፣ ጥቂት ኢኮና ኮረስ፣ ማለትም ድምፁን በስሱ የሚያባዛ ማቅለሚያ፣ የታከለበት ንጹሕ ድምፅ ነው። ከላንጋኖ ወደ ደቡብ ሲወረድ የምትገኘው ሻሸመኔ፣ የጃማይካ ተወላጆች ሬጌን ይዘው የሰፈሩባት ከተማ፣ ከዚህም የቀለለ ይበቃታል፤ የሬጌ ጊታር አጭርና ደረቅ ምት ስለሆነ ከጥሩ ንጹሕ ማጉያና ከጥቂት ሪቨርብ፣ ማለትም ማስተጋባት፣ በላይ አይጠይቅም። መቀመጫውን ለንደን ያደረገው ክራር ኮሌክቲቭ ደግሞ የኤሌክትሪክ ክራርን ለዓለም መድረክ አብቅቷል፤ መሣሪያው ጊታርን ከክራር ስለማይለይ፣ በሣጥኑ ውስጥ ያለው ማጉያ ሁሉ ለክራርም ክፍት ነው።

እንግዲህ በፕሪሴት ዝርዝር ውስጥ የጎደለው የሮሃ ዘመን ድምፅ ከሆነ፣ የካፕቸር ቴክኖሎጂ ለኢትዮጵያዊው ተጫዋች ያለው ጥቅም የውጭውን ከመቅዳት ይልቅ የአገሩን ከማስቀመጥ ላይ ይበልጥ ይታያል። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ተጨዋችና ታዳሚ እስኪነጋ ክበቡ ውስጥ ተዘግተው ያደሩባቸው ሙዚቃዎች የወጡባቸው ማጉያዎች፣ ከእነዚያ የተረፉት፣ በየሆቴሉና በየግለሰቡ መጋዘን እያረጁ ነው፤ ቫልቫቸው ይዝላል፣ ካፓሲተራቸው ይደርቃል፣ የስፒከራቸው ወረቀት ይቀደዳል። ኒውራል አምፕ ሞዴለር በነፃ የሚገኝ በመሆኑ አንዱን ለመያዝ የሚያስፈልገው ላፕቶፕ፣ የድምፅ ማስገቢያ ካርድ፣ ማይክሮፎንና ሦስት ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ የሙከራ ድምፅ ብቻ ነው፤ ስሌቱን የሚሠራ ኃይለኛ ኮምፒውተር የሌለው ሰው በኢንተርኔት በነፃ ሊያሠራው ይችላል። ገደቡ ግን መታወቅ አለበት። አንድ ካፕቸር የሚይዘው ማጉያው በአንድ የቁልፍ አቀማመጥ ላይ እያለ ያወጣውን ድምፅ ብቻ ስለሆነ፣ ቁልፉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሥራው እንደገና መደረግ አለበት፤ ድምፁን እያዘገየ የሚደግመውን ኢኮ የመሳሰለውን አይይዝም፤ ቀረጻው የተካሄደበትን ክፍልና የካሴቱንም ድምፅ አይመልስም። የትኛውን ሁኔታ መያዝ እንደሚገባም ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ተጠግኖ አዲስ ካፓሲተር የገባለት ማጉያ ፋብሪካው ወዳሰበው ድምፅ ሲጠጋ፣ ያልተጠገነው ደግሞ ያለፉት ዓመታት ከነሑምታውና ከነድክመቱ የሠሩትን ድምፅ ይዟል። ማይክሮፎኑና ገመዱ አንዴ ከተዘረጉ ሥራው የደቂቃዎች ጉዳይ በመሆኑ፣ ጠጋኙ ብየዳውን ሳያነሣ አንድ ጊዜ፣ ሥራውን ሲጨርስም ማይክሮፎኑን ከቦታው ሳያንቀሳቅሱ ሌላ ጊዜ መያዝ ሁለቱንም ያስቀራል።