ለአሮጌው ኮምፒዩተር ሁለተኛ ማኅደር

በ2000 ዓ.ም. የገዛሁት ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር፣ የአባቴን ደብዳቤዎች፣ የልጆቼን የክርስትና ቀን ፎቶግራፎችና ከአንድ አረጋዊ መሪጌታ የቀዳሁትን የጾመ ድጓ ዜማ በ160 ጊጋባይት ሃርድ ዲስኩ ተሸክሞ ያለ ማጕረምረም ሲያገለግለኝ ከኖረ በኋላ፣ ባለፈው ክረምት ቦታው መሙላቱን በየማለዳው ያስታውቀኝ ጀመር። ወዳጆቼ አዲስ እንድገዛ መከሩኝ፤ እኔ ግን ሣጥኑን ከፍቼ ብመለከት፣ ከነባሩ ዲስክ በታች አንድ ባዶ ማደሪያ፣ በማዘርቦርዱም ላይ ያልተያዙ ሁለት መሰኪያዎች ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ተዘጋጅተው ሲጠብቁ አገኘሁ። የቆየ ዕቃ ሁሉ ሲሞላ ይጣል የሚለው ምክር ከዚያ ቀን ጀምሮ ትክክል መስሎ አልታየኝም።

ሃርድ ዲስክ እንደ ሰዓት ዘወትር የሚንቀሳቀስ ክፍል ነው። በታሸገው ሣጥኑ ውስጥ ማግኔት የተቀቡ ለስላሳ ሰሌዳዎች በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ሲሽከረከሩ፣ ጽሕፈቱን የሚጽፈውና የሚያነብበው ክፍል ሰሌዳውን ሳይነካ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፤ በሥራ ላይ ሳለ ዲስኩ ቢመታ ወይም ቢወድቅ ሰሌዳው ይፋቃል፤ የተፋቀውም ጽሕፈት አይመለስም። ጥበቡ የተገኘው በካሊፎርኒያ፣ በሳን ሆዜ ከተማ፣ በአይቢኤም ኩባንያ ቤተ ሙከራ ሲሆን፣ በ1956 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ዲስክ በቁመት ከሰው የሚተካከል ቁም ሣጥን ነበር፤ እያንዳንዳቸው 61 ሴንቲሜትር ስፋት ያላቸውን 50 ሰሌዳዎች ይዞ የሚሸከመው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። ዛሬ በአንድ መዳፍ የሚያዘው የ1 ቴራባይት ዲስክ የእነዚያን የ200,000 ቁም ሣጥኖች ጽሕፈት ይይዛል፤ ይህን ባሰብሁ ቁጥር መደነቄ አይቀርም።

ዲስኩ ከመገዛቱ በፊት ሣጥኑ መከፈት ያለበት ስለ መጋጠሚያው ነው። እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ገደማ የተሠሩት የቤትና የቢሮ ኮምፒዩተሮች በብዛት የሚጠቀሙበት አይዲኢ የተባለው ሥርዓት ነበር፤ ገመዱ እንደ መቀነት ጠፍጣፋና ሰፊ ሆኖ ሁለት ዲስኮችን በአንድነት ያገለግል ነበርና፣ ሁለቱ እንዳይጋጩ ከጀርባቸው ባለችው ጃምፐር በምትባል ከጥፍር የምታንስ ክዳን አንዱን «ማስተር»፣ ሌላውን «ስሌቭ» ብሎ መሾም ግድ ነበር። የሹመቱ ሥዕል ብዙ ጊዜ በዲስኩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ታትሞ ይገኛል፤ እርሱን ሳያነብቡ የሚገጥሙ ሰዎች ደኅናውን ዲስክ ተበላሽቷል ብለው ሲመልሱ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሳታ ይህን ጣጣ አስቀርቶ ለእያንዳንዱ ዲስክ የራሱን ቀጭን ገመድ ሰጠው፤ መረጃው በ7 መገናኛዎች ይመላለሳል፣ የኤሌክትሪኩ ኃይል ደግሞ ሰፋ ባለ ባለ 15 መገናኛ መሰኪያ ይገባል። የእኔው ኮምፒዩተር ሁለቱንም የያዘ ቢሆንም፣ አዲስ ሆኖ በገበያ የሚገኘው ሳታ ስለሆነ ምርጫው አላስቸገረኝም።

አዲሱ ዲስክ ለአሮጌው ማዘርቦርድ ይፈጥንበታል የሚለው ስጋት ብዙውን ጊዜ ከንቱ ነው፤ ዲስኩ ራሱን ወደ ዝግተኛው ፍጥነት ዝቅ ያደርጋልና፣ የሚሽከረከር ዲስክ ደግሞ ከመጀመሪያው የሳታ ፍጥነት እምብዛም አያልፍምና። ይልቁንስ ሊታሰብበት የሚገባው የፓወር ሰፕላዩ ነገር ነው። ዲስኩ ለመነሣት ለጥቂት ሰከንድ 20 ዋት ገደማ ይፈልጋል፤ ከተነሣ በኋላ ከ10 ዋት ያልበለጠ ይበቃዋል፤ ይህን ደኅና የሆነ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ይችለዋል። የሳታ ኃይል መሰኪያ የሌለው እንደሆነ ግን ቢጫ፣ ቀይና ሁለት ጥቁር ሽቦ ካለው ከቀድሞው ባለ አራት ቀዳዳ መሰኪያ የሚያሸጋግር አስማሚ ይገዛለታል። በዚህ ላይ አንባቢን አጥብቄ አሳስባለሁ፤ ሽቦዎቹ በቀለጠ ፕላስቲክ ውስጥ የተደፈኑበት ርካሽ አስማሚ ውስጥ ውስጡን ተነካክቶ እሳት ሊያስነሣ ይችላልና፣ እያንዳንዱ ሽቦ ለየብቻው ተጠብቆ የታሰረበት ይመረጥ።

መጠኑም ወሰን አለው። እጅግ ያረጁት ኮምፒዩተሮች የዲስኩን ክፍሎች በ28 ቢት ቁጥር ይቆጥሩ ስለነበር ከ137 ጊጋባይት በላይ ያለውን ሊያዩ አይችሉም፤ ኤምቢአር የተባለው የቀድሞው የአከፋፈል ሥርዓት ደግሞ ከ2 ቴራባይት አያልፍም። ከዚያ ለሚበልጠው ጂፒቲ የተባለው ሥርዓት ያስፈልጋል፤ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ኤክስፒ ግን ጂፒቲን አያነብብም። ስለዚህ 1 ቴራባይት ገዛሁ።

መግጠሙ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ገመዱን ከሶኬት ነቅዬ፣ በውስጡ የቀረው ኃይል እንዲሟጠጥ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ጊዜ ተጭኜ፣ በሰውነቴ ያለው ኤሌክትሪክ ሳይታወቀኝ ዲስኩን እንዳይጎዳው ያልተቀባውን የሣጥኑን ብረት ከነካሁ በኋላ፣ አዲሱን ዲስክ በማደሪያው አግብቼ በአራት ብሎን በካቻቢቴ አጠበቅሁት፤ ላልቶ የተገጠመ ዲስክ ይንቀጠቀጣልና። ሁለቱ ገመዶች የሚገቡት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ ኃይል መጠቀም አያሻም።

ኮምፒዩተሩን ባበራሁት ጊዜ አዲሱ ዲስክ አልታየኝም፤ ልቤም ደነገጠ። ነገሩ ግን ቀላል ነበር፤ ከዊንዶውስ በፊት በሚከፈተው በባዮስ ውስጥ ያ መሰኪያ ተዘግቶ ኖሮ ከፈትሁት። ከዚያም «ዲስክ ማኔጅመንት» በሚባለው ገጽ ላይ ነባሩ «ዲስክ 0»፣ አዲሱ «ዲስክ 1» ተብለው ተሰለፉ። በዚህ ስፍራ ረጋ ማለት ይገባል፤ ከሥራው ሁሉ አደገኛው ሰዓት ካቻቢቴ የተያዘበት ሳይሆን ይህ ነው። ባዶውን ዲስክ ለማዘጋጀት የሚሰጠው ትእዛዝ በስሕተት በነባሩ ላይ ቢሰጥ የአሥራ አምስት ዓመት ጽሕፈት በአንድ ቅጽበት ይጠፋልና፣ መጠኑን ሁለት ጊዜ ሳላነብብ ቁልፉን አልተጫንሁም። የሚጠራጠር ሰው አዲሱን ዲስክ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ቢያዘጋጅ ነባሩ ይበልጥ ይጠበቃል። 1 ቴራባይት የተባለው ዲስክ 931 ጊጋባይት ብሎ ሲታይ የተታለለ መስሎት የሚከፋው ብዙ ነው፤ ሠሪው በ1,000፣ ዊንዶውስ ግን በ1,024 እያባዛ ስለሚቆጥር እንጂ የጎደለ ነገር የለም።

አሁን ሁለት ማኅደር አለኝ፤ የአባቴ ደብዳቤዎችና የመሪጌታው ድምፅም በሁለቱም ውስጥ አሉ፤ አሮጌው ዲስክ ነገ ቢቆም ከእርሱ ጋር አይቀበሩም። ይሁን እንጂ ሁለቱ ዲስኮች በአንድ ሣጥን፣ በአንድ ፓወር ሰፕላይ ሥር ያድራሉ፤ መብራት ጠፍቶ በኃይል ሲመለስ አንዱን የመታ ሁለተኛውንም ሊመታው ይችላል። በ1973 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተጀመረው፣ የገዳማትንና የአድባራትን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ይህን አስቀድሞ አስቦበት ነበር፤ አንዱ ቅጂ በአገር ቤት ሲቀመጥ ሌላው በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ፣ በኮሌጅቪል ባለው በቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ይጠበቅ ነበር። እኔም ዜማውን ለሦስተኛ ጊዜ በትንሽ ተንቀሳቃሽ ዲስክ ቀድቼ በእኅቴ ቤት አኖርሁት።

ሣጥኑን ከመዝጋቴ በፊት፣ የብራና ጸሐፊ በመጽሐፉ ፍጻሜ ስሙንና ዘመኑን እንደሚያሰፍር፣ በአንዲት ወረቀት ላይ ዲስኩ የገባበትን ቀን፣ መጠኑን፣ ምን እንደያዘና ሦስተኛው ቅጂ ከማን ዘንድ እንዳለ ጽፌ ከክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ለጠፍሁት፤ ቀጥሎ የሚከፍተው ምናልባት ልጄ ነውና።