ትእዛዝ ከመጠበቅ ደንብ ወደ መጠበቅ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በእርዳታና በልማት ሥራ ላይ የወረቀት ቅጽ ቦታውን ለስልክና ለታብሌት እየለቀቀ መጥቷል። የቤተሰብ ምዝገባ፣ የሕፃናት የክንድ ልኬት፣ የውኃ ጉድጓድ ቁጥጥር፣ የእህል እደላ ፊርማ ሳይቀር በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ይሞላል። አንድ ፕሮጀክት አምስት ታብሌት ብቻ ሲኖረው አንድ ሠራተኛ ከጧት እስከ ማታ ተቀምጦ ሁሉንም በእጁ ያስተካክላል። ቁጥሩ ሃምሳ ወይም መቶ ሲሆንና መሣሪያዎቹም በየወረዳው ሲበተኑ ግን ይህ ከአቅም በላይ ይሆናል። ስለዚህ ቢሮው ከሩቅ ሆኖ መሣሪያዎቹን የሚያስተዳድርበት ሥርዓት ያስፈልገዋል። ይህ ሥርዓት ደግሞ በአሁኑ ጊዜ ከአንድ አሠራር ወደ ሌላ አሠራር በመሸጋገር ላይ ይገኛል። ሽግግሩ ምን እንደ ሆነ፣ ለምን እንደሚያስፈልግና ያለ ጉዳት እንዴት እንደሚፈጸም ለፕሮጀክት ሠራተኞችም ለምእመናንም በአጭሩ እንገልጻለን።

የሚጠበቀው ምንድን ነው?

አንድ ታብሌት ሲጠፋ የጠፋው ዕቃው ብቻ ቢሆን ሌላ በመግዛት ይተካ ነበር። ነገር ግን በውስጡ የሰዎች ስም፣ የመኖሪያ ቦታ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የጤና ሁኔታ፣ አንዳንዴም ፎቶግራፍ አለ። ሰዎቹ ይህን ሁሉ የነገሩን እርዳታ ስለሚያስፈልጋቸው ነው፤ አንናገርም ለማለት ብዙ ምርጫ አልነበራቸውም። ስለዚህ መረጃው አደራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ላይ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ከ515,000 በላይ የሚሆኑ ሰዎች የግል መረጃ በኮምፒውተር ሰርጎ ገቦች እጅ መውደቁን አስታወቀ። ከእነዚህ ሰዎች መካከል በጦርነት፣ በስደትና በተፈጥሮ አደጋ ምክንያት ከቤተሰባቸው የተለያዩ ይገኙባቸዋል። ኮሚቴው ራሱ እንደ ገለጸው ሰርጎ ገቦቹ የገቡት ማሻሻያ ባልተደረገለት የሶፍትዌር ቀዳዳ በኩል ሲሆን፣ ሳይታወቅባቸው 70 ቀን ያህል ቆይተዋል። እርግጥ ይህ የደረሰው በትላልቅ ሰርቨሮች ላይ እንጂ በመስክ ታብሌት ላይ አይደለም። ትምህርቱ ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ማሻሻያ በጊዜው መድረሱን የሚከታተል ሥርዓት የሌለው ድርጅት አደራውን ጠብቆ ለመኖር ይቸግረዋል። በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰዎችን መረጃ የሚሰበስብ ድርጅት መረጃውን በሚገባ መጠበቁ የሕግ ግዴታ ሆኗል።

የቀድሞው አሠራር

አፕልም አንድሮይድም መሣሪያን ከሩቅ ማስተዳደር የሚቻልበትን መንገድ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። አሠራሩ በትእዛዝ ላይ የቆመ ነበር። ቢሮው ያለው ሰርቨር “የመክፈቻ ቁጥሩን ባለ ስድስት አኃዝ አድርግ” ብሎ ያዛል፤ መሣሪያው ይፈጽማል። ሰርቨሩ ቆየት ብሎ “ፈጽመሃልን?” ብሎ ይጠይቃል፤ መሣሪያው ይመልሳል። ከዚያ ሁለተኛው ትእዛዝ ይከተላል።

ነገሩን በግቢ ዘበኛ መመሰል ይቻላል። ኃላፊው ማታ ማታ በስልክ ደውሎ “አሁን በሩን ዝጋ” ቢለውና፣ ጧት ደግሞ “አሁን ክፈት” ቢለው፣ ስልኩ በሚሠራበት ቀን ሁሉ ነገር ይሰምራል። መስመሩ በተቋረጠበት ሌሊት ግን በሩ ክፍት ያድራል። ጥፋቱ የዘበኛው ስንፍና አይደለም፤ የተሰጠው ሥራ ትእዛዝ መጠበቅ ብቻ ስለ ሆነ ነው። ኔትወርክ በሳምንት አንድ ቀን፣ እርሱም በገበያ ቀን ብቻ በሚገኝበት ቀበሌ ያለ ታብሌትም እንደዚሁ ነው። ቢሮው መቶ መሣሪያዎችን ደጋግሞ መጠየቅ ስላለበት ደግሞ የኢንተርኔቱ ወጪ ይጨምራል፤ መዝገቡም ሁልጊዜ ከእውነቱ ወደ ኋላ ይቀራል።

አዲሱ አሠራር

በአዲሱ አሠራር ቢሮው አድርግ አታድርግ እያለ አንድ በአንድ አያዝም። ይልቁንም መሣሪያው ምን ዓይነት ሆኖ መገኘት እንዳለበት በጽሑፍ ይገልጽለታል። መሣሪያው ጽሑፉን ይዞ ይሄዳል፤ ራሱን ከጽሑፉ ጋር ያስተያያል፤ ያልተስማማ ነገር ቢያገኝ ያስተካክላል፤ ማስተካከል ካልቻለም ያስታውቃል። ዘበኛችን አሁን የተጻፈ ደንብ በእጁ አለ። “ከምሽቱ 12 ሰዓት በሩ የተዘጋ ይሁን፤ እንግዳ ቢመጣ በመዝገብ ይጻፍ፤ የተለወጠ ነገር ሲኖር ብቻ አስታውቅ” ይላል። ስልክ ቢቋረጥም በሩ ተዘግቶ ያድራል።

ሐሳቡ ትናንት የተወለደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 ማርክ በርጀስ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ብዙ ኮምፒውተሮችን በዚህ መንገድ የሚያስተዳድር ሲኤፍኤንጂን የተባለ ሶፍትዌር ጽፎ ነበር። ወደ ስልክና ታብሌት የመጣው ግን ዘግይቶ ነው። አፕል ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2021 አስተዋወቀ፤ በ2022 ወደ ሌሎች የምዝገባ ዓይነቶች አሰፋው፤ በ2023 ደግሞ የሶፍትዌር ማሻሻያን በዚሁ መንገድ ማስተዳደር አስቻለ። በ2025 የቀድሞዎቹን የማሻሻያ ትእዛዞች ከሚቀጥለው ዓመት ሥሪቶች እንደሚያስወግድ አስታወቀ። ጉግልም በበኩሉ የ2010ሩ የአንድሮይድ አሠራር እንደሚቀር እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ገለጸ። በ2019 በወጣው አንድሮይድ 10 ላይ ካሜራ መዝጋትንና አንዳንድ የይለፍ ቃል ደንቦችን የመሳሰሉት በአሮጌው መንገድ መሥራት እያቆሙ መጡ። በምትኩ ቢሮው አንድ የደንብ ሰነድ ያዘጋጃል፤ መሣሪያዎቹም ሰነዱን ተቀብለው ያልተሟላውን ያስታውቃሉ። እንግዲህ ሽግግሩ የምርጫ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የቆመበት መሬት እየተነሣ ስለ ሆነ ጭምር ነው።

በደንቡ ውስጥ ሁኔታ ማስገባትም ይቻላል። በአፕል መሣሪያ ላይ የይለፍ ቃሉ ደንቡን እስኪያሟላ ድረስ የቢሮው ኢሜይል እንዳይከፈት ማድረግ ይቻላል። በአንድሮይድ ላይ ደግሞ መሣሪያው ደንቡን ሳያሟላ ይህን ያህል ቀን ቢቆይ ይዘጋ፣ ከዚያም ቢያልፍ በውስጡ ያለው ይደምሰስ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ይህን ሁሉ መሣሪያው ራሱ ይፈጽመዋል።

ነገር ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የጠፋን መሣሪያ ከሩቅ መደምሰስ ዛሬም ትእዛዝ ነው፤ መሣሪያው ከኔትወርክ ጋር ካልተገናኘ አይሰማውም። ስለዚህ ዋናው መከላከያ ከመጥፋቱ በፊት የነበረው ጠንካራ የመክፈቻ ቁጥርና የተመሰጠረ ማከማቻ ነው። እንዲሁም “ይደምሰስ” የሚለው ደንብ በጥንቃቄ ካልተጻፈ ገና ወደ ቢሮ ያልተላኩ ቅጾችን አብሮ ያጠፋል። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይባል የለ?

ሽግግሩን እንዴት እንፈጽም?

አንደኛ፣ መቁጠር። የእያንዳንዱ መሣሪያ መለያ ቁጥር፣ ዓይነት፣ የሶፍትዌር ሥሪት፣ የያዘው ሰው፣ የሚገኝበት ቦታና የገባበት አካውንት በአንድ መዝገብ ይጻፍ። ከንብረት ክፍል መዝገብ ጋርም ይመሳከር። አዲሱን አሠራር ሊቀበሉ የማይችሉ አሮጌ መሣሪያዎች የሚታወቁት በዚህ ጊዜ ነው።

ሁለተኛ፣ ደንቡን እንደ አዲስ ማሰብ። በአሮጌው ሥርዓት የተከማቸውን ሁሉ ገልብጦ ማስተላለፍ አይገባም። ለእያንዳንዱ ደንብ “ይህ ማንን ይጠብቃል?” ተብሎ ይጠየቅ። መልስ ያላገኘ ደንብ ይቅር። ደንቡ ባጠረ ቁጥር ስሕተቱን ማግኘት ይቀላል።

ሦስተኛ፣ መረጃን አስቀድሞ ማስረከብ። ይህ ከሁሉ ይልቅ መጠንቀቅ የሚያሻው ነው። አንድሮይድ መሣሪያን ሙሉ በሙሉ በቢሮ አስተዳደር ሥር ማድረግ የሚቻለው አዲስ ሲሆን ወይም ፎርማት ሲደረግ ነው። ከዚያ በመጀመሪያው የሰላምታ ገጽ ላይ ስድስት ጊዜ ሲነካ ካሜራው ይከፈትና ቢሮው ያዘጋጀውን ኪው አር ኮድ ያነባል። ፎርማት ማድረግ ደግሞ በውስጡ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። ስለዚህ ሠራተኛው የሞላቸው ቅጾች ቁጥርና ሰርቨሩ የተቀበላቸው ቅጾች ቁጥር እኩል መሆናቸው ሳይረጋገጥ ማንም ሰው መሣሪያውን ፎርማት እንዳያደርግ። ያልተላከ የአንድ መንደር ምዝገባ ቢጠፋ ሠራተኛው እንደ ገና ያን መንገድ በእግሩ መሄድ ይኖርበታል፤ ስማቸው የጠፋ ሰዎችም በእደላው ቀን ከዝርዝሩ ሊጐድሉ ይችላሉ። የቀድሞው የጉግል አካውንትም ከፎርማት በፊት ከመሣሪያው ይውጣ፤ አለዚያ መሣሪያው ያንኑ አካውንት እየጠየቀ አልከፈትም ሊል ይችላል። በአፕል በኩል በድርጅቱ ስም በአፕል ቢዝነስ ማኔጀር የተመዘገቡ መሣሪያዎች እ.ኤ.አ. ከ2025ቱ ሥሪት ጀምሮ ሳይደመሰሱ ከአንዱ አስተዳደር ወደ ሌላው መዛወር ይችላሉ።

አራተኛ፣ በጥቂቶች መጀመር። የመጀመሪያዎቹ አምስት ወይም ስድስት መሣሪያዎች ሁሉም ከዋናው ቢሮ አይሁኑ። አንዱ ከቅርብ፣ አንዱ ኔትወርክ ከማይገኝበት፣ አንዱ ከአሮጌው ዓይነት፣ አንዱም ሥራው ከሚበዛበት ጣቢያ ይመረጥ። አንድ ሙሉ የሥራ ዙር እስኪያልፍ፣ ማለትም ተመዝግቦ፣ ተልኮ፣ ሪፖርቱ እስኪወጣ ይታይ። ከዚያ በኋላ በየጣቢያው ተራ በተራ ይቀጥል። የእደላ ሳምንትም ለሽግግር አይመረጥ።

አምስተኛ፣ በአንድ ራስ ሁለት ምላስ እንዳይሆን። አንድ መሣሪያ የሚገዛው ለአንድ አስተዳደር ብቻ ነው። በሽግግሩ ወራት ሁለት ሥርዓቶች ጐን ለጐን ስለሚሠሩ የትኛው መሣሪያ በየትኛው ሥር እንዳለ መዝገቡ በየሳምንቱ ይታደስ። አሮጌው ሥርዓት የሚዘጋበት ቀንም ከመጀመሪያው ተቆርጦ ይታወቅ። ቀን ካልተቆረጠለት ሁለቱም እየተከፈለባቸው ዓመት ሊያልፍ ይችላል።

ስድስተኛ፣ ሠራተኛውን ማስረዳት። “ቢሮው መልእክቴን ያነባል ወይ? የምሄድበትን ያያል ወይ?” የሚለው ጥያቄ ተገቢ ስለ ሆነ በግልጽ መመለስ ይገባዋል። በአፕል መሣሪያ ላይ በአስተዳደሩ ሥርዓት በኩል ቢሮው የመሣሪያውን ሥፍራ የሚጠይቀው መሣሪያው ጠፍቷል ተብሎ ሲቈለፍ ብቻ ነው። በአንድሮይድ የግል ስልክ ላይ የሥራ ክፍል ሲከፈት በግል ክፍሉ ያለውን ፎቶግራፍና መልእክት ቢሮው አያይም። በድርጅቱ ስልክ ላይ ግን ቢሮው የተጫኑትን ፕሮግራሞች ሊያውቅና ሁሉንም ሊደመስስ እንደሚችል ሠራተኛው ስልኩን ከመረከቡ በፊት ይነገረው።

ለምእመናንና ለደጋፊዎች

ብዙ ጉባኤዎች ለመስክ ሥራ ስልክና ታብሌት ይለግሳሉ፤ ስጦታውም ተወዳጅ ነው። ጥቂት ነገሮች ግን ይታሰቡ። ያገለገለ ስልክ ከመስጠታችሁ በፊት የራሳችሁን አካውንት አውጥታችሁ አጽዱት፤ ሳይወጣ የቀረ አካውንት ስልኩን ለተቀባዩ የተዘጋ ዕቃ ያደርገዋል። የደኅንነት ማሻሻያ መቀበል ያቆመ ስልክ መልኩ ቢያምርም የሰዎችን ስም ሊያዝበት አይገባም። ደግሞም ዓይነታቸው የተለያየ ሃያ ስልኮች ከመስጠት አንድ ዓይነት አሥር ስልኮች መስጠት ለሥራው ይረዳል፤ ደንቡ አንድ ይሆናልና።

በመጨረሻም፣ የመሣሪያ ዋጋ አንድ ጊዜ የሚከፈል አይደለም። ለአስተዳደሩ ሥርዓት በየመሣሪያው በወር ወይም በዓመት የሚከፈል ክፍያ ይኖራል፤ ሥርዓቱን የሚከታተል ሰውም ያስፈልጋል። በፕሮጀክት በጀት ውስጥ “የታብሌት ግዢ” የሚል መስመር ስታዩ “የታብሌት አያያዝ” የሚል መስመር ከሥሩ መኖሩን ጠይቁ። የማይታይ ወጪ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰረዘው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ስማቸውን በአደራ የሰጡን ቤተሰቦች፣ አሁን ባሉበት ሆነው መረጃቸው እንዲጠበቅላቸው የሚያደርገው ይኸው ወጪ ነው።