ኮድ የማይፈቱ ልጆች

የብሩስ ዊሊስ ፊልም ተኩስ አያጣም፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው «መርኩሪ ራይዚንግ»ም አላጣም። ሃሮልድ ቤከር ባዘጋጀው በዚህ ፊልም ውስጥ ቺካጎ የሚኖረው የዘጠኝ ዓመቱ ሲሞን የእንቆቅልሽ መጽሔት ሲያገላብጥ የፊደልና የቁጥር ድርድር ያገኛል። ኦቲዝም ያለበት ይህ ልጅ እንቆቅልሹን በዓይኑ አየት አድርጎ ይፈታና ውስጡ ወደተደበቀው ስልክ ይደውላል። የደወለው የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ ባለሙያዎች ዘንድ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ምስጢራዊ ኮድ ማንም ሊሰብረው አይችልም ብለው መጽሔቱ ላይ ያወጡት እነሱው ነበሩ። አለቃቸው ገዳይ ይልካል፤ የልጁ እናትና አባት ይገደላሉ፤ ተሸሽጎ የተረፈውን ሲሞንን አርት ጄፍሪስ የተባለ የኤፍ.ቢ.አይ. ወኪል ይዞት ይሸሻል።

በአዊ ዞን ጥርባ አካባቢ ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይህን ፊልም ስታይ ዓይኗ ሽጉጡ ላይ አይቆይም። የምትከታተለው ልጁን ነው። የሲሞንን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ማይኮ ሂዩዝ ሰው ፊት ለፊት አያይም፤ ሲነኩት ይሸሻል፤ የለመደው ነገር ሲዛነፍ ይረበሻል። ወኪሉም ቢሆን ሊያረጋጋው የሚችለው ጉልበቱን ትቶ የልጁን ጠባይ መማር ሲጀምር ነው። እስከዚህ ፊልሙ እውነት አለው።

ነገሩ የሚበላሸው ኮዱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ከታየው «ሬይን ማን» ጀምሮ ሲኒማው ኦቲዝም ያለበትን ሰው ያለ ልዩ ተሰጥኦ ማሳየት የሚከብደው ይመስላል። ለረጅም ዓመታት ሲጠቀስ በኖረው ግምት እንዲህ ያለ የተለየ ችሎታ የሚታየው ከአሥሩ በአንዱ ገደማ ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ በማስታወስ፣ ቀን በመቁጠር ወይም በሙዚቃ እንጂ የመንግሥት ምስጢር በመፍታት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ ከመቶ ሕፃናት አንዱ ያህል ኦቲዝም እንዳለበት ሲገልጽ ቆይቷል። ባለሙያዋ ደጃፍ ላይ የምታገኛቸው እናቶች ግን ፊልሙን ሰምተውም ሆነ ሳይሰሙ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ «ልጄ፣ ነገ ተነገ ወዲያ አንድ ነገር ይወጣው ይሆን?»

እሷ ከዚያ በፊት የምታጣራው ብዙ ነው። አንደኛው ጆሮ ነው፤ የማይሰማ ልጅ ሲጠሩት ዞር ባይል አያስደንቅም። ሁለተኛው ቋንቋ ነው። ቤቱ አዊኛ የሚነገርበት ሕፃን ጤና ኬላ ላይ በአማርኛ ሲጠየቅ ዝም ቢል ዝምታው ብቻውን ምንም አይናገርም። ስለዚህ ልጁ የፈለገውን በጣቱ ያሳያል ወይ፣ ሌላው ሰው የሚያየውን አብሮ ያያል ወይ፣ ከእኩዮቹ ጋር ምን ብሎ ይጫወታል ብላ አያቱን፣ እህቱን፣ ጎረቤቱን ትጠይቃለች።

የሲሞን አደጋ ገዳዮቹ ናቸው። እዚህ ያለው አደጋ ግን መልኩ ሌላ ነው፤ ልጁ ራሱ ከቤት ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት አራት ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሳይታወቅ ለመሄድ እንደሞከሩ ወላጆቻቸውን ጠይቆ አረጋግጧል። አንዱ ከጩኸት ይሸሻል፣ ሌላው ወደሚወደው ነገር ይሄዳል፤ ከሚወዱት መካከል ደግሞ ውኃ አለ። አዊ የውኃ አገር ነው። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፤ እሳተ ገሞራ የፈጠረው የዘንገና ሐይቅም ከእንጅባራ ሩቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት እንጅባራንና ዳንግላን አቋርጦ ያልፋል፤ የጭነት መኪናው ጥሩንባ ጆሮውን ይዞ ለሚሮጥ ልጅ ማስጠንቀቂያ አይሆነውም።

ወላጅ እርሻ ወይም ገበያ ሲውል የሚጠብቀው ሰው ያጣ ልጅ በር ተዘግቶበት፣ አንዳንዴም ታስሮ የሚውለው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ሐፍረቱም አለ። አዲስ አበባ ውስጥ የልጆች አእምሮ ሕክምና ክፍሎች ልጆቻቸውን ያመጡ 102 አሳዳጊዎችን ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት እንዳሳየው 45 በመቶ ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ ያፍሩ ነበር፤ ከአራት አንድ በላይ የሆኑት ደግሞ ነገሩን ለመደበቅ ይጥሩ ነበር። እነዚህ እንግዲህ ሕክምና ድረስ የመጡት ናቸው።

ሐፍረቱን በአደባባይ ከተጋፈጡት አንዷ ዘሚ የኑስ ነበሩ። የውበት ሙያ ማሠልጠኛ ከፍተው የሚታወቁት ዘሚ፣ ኦቲዝም ያለበት ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሠረቱ፤ በሥሩም የጆይ ኦቲዝም ማዕከል ተከፈተ። የአማርኛን ፊደል ከድምፁ ጋር እያያዘ ንግግር የሚያስተምር አቡጊዳ ፎነቲክስ የተባለ ዘዴም ቀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 አርፈዋል። ማዕከሉ ያለው ግን አዲስ አበባ ነው፤ ከጥርባ ተነስቶ ልጅ ይዞ እዚያ መመላለስ ለገበሬ ቤተሰብ የሚሞከር አይደለም።

ስለዚህ ባለሙያዋ ጥበቃውን የምታደራጀው ቅርብ ባለው ሰው ነው። እናትየው እሺ ካለች ጎረቤቶች ቡና ላይ ስለ ልጁ ይነገራቸዋል፦ ስሙ ማን እንደሆነ፣ ሲደነግጥ ወዴት እንደሚሮጥ፣ ብቻውን ሲታይ ሳይጮኹበትና ሳይጎትቱት እንዴት እንደሚመልሱት። ቢጠፋ መጀመሪያ ወንዙ እንዲታይ ትናገራለች። ጠበል የሚወስዱትንም አትከለክልም፤ ልጁ እንዳይታሰር፣ እንዳይራብና የሚጥል በሽታ መድኃኒት ካለው እንዳያቋርጥ ግን አጥብቃ ትነግራለች።

መስከረም ሲጠባ ደግሞ ምዝገባ ይመጣል። ርእሰ መምህሩ ከእናትየው ጎን የቆመውን ልጅ አየት አድርጎ «ለመሆኑ ምን ይችላል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ባለሙያዋ ተሰጥኦ ፍለጋ አትገባም። «ጩኸት ያስደነግጠዋልና ከደወሉ አርቃችሁ አስቀምጡት። በሩ አጠገብም አይሁን፣ ይወጣል። ሽንት ቤት ሲፈልግ ሱሪውን ይጎትታል እንጂ አይናገርም። አሁን መዝግበው።»