ለሴት ነጋዴዎች የሚሰጥ የማይመለስ ገንዘብ፦ የሚባለውና የሚገኘው

በሴቶች ባለቤትነት ለተያዙ አነስተኛ ንግዶች በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር መመደቡ በተነገረ ቁጥር ገንዘቡ ፎርም ሞልቶ ላቀረበ ሁሉ የሚታደል ስጦታ እንደሆነ ይታመናል፤ ስለ ጉዳዩ ከሚነገሩት ሁሉ ይበልጥ ሥር የሰደደውም ይህ እምነት ነው። እውነታው ግን ድጋፍ ተብሎ ከሚታወጀው ገንዘብ አብዛኛው ወይ ብድር ነው፣ ወይ አበዳሪ ተቋማት እንዲደፍሩ የሚሰጣቸው ዋስትና ነው፤ ግራንት፣ ማለትም በውልና በቅድመ ሁኔታ ተሰጥቶ ተመላሽ የማይደረገው ገንዘብ፣ ትንሹን ድርሻ ብቻ ይይዛል።

በኢትዮጵያ የሴቶች ሥራ ፈጠራ ልማት ፕሮጀክት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2012 በ50 ሚሊዮን ዶላር የደገፈው ይህ ፕሮጀክት የብድሩን ገንዘብ በኢትዮጵያ ልማት ባንክ በኩል ለማይክሮፋይናንስ ተቋማት ያስተላለፈ ሲሆን፣ ተቋማቱም ለሴቶች በወለድ አበድረውታል። ይህ ማለት ግን ፕሮጀክቱ አልጠቀመም ማለት አይደለም፤ ለቡድን ከሚሰጠው ጥቃቅን ብድር በላይ ያደጉ፣ ነገር ግን ባንክ የሚጠይቀውን የቤት ወይም የሕንፃ መያዣ ማቅረብ ያልቻሉ ሴቶች በግላቸው የሚበደሩበትን መንገድ ከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 በሐምቡርጉ የቡድን 20 ጉባኤ ይፋ የሆነው የሴቶች ሥራ ፈጣሪዎች የፋይናንስ ተነሳሽነትም ለጋሽ መንግሥታት ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቃል የገቡለት ቢሆንም፣ ገንዘቡን የሚሰጠው ለልማት ባንኮች እንጂ ለአንዲት ነጋዴ ስላልሆነ በቀጥታ ማመልከቻ የሚቀበልበት በር የለውም።

ግራንት ሲገኝም የማይመለስ መሆኑ ያለ ግዴታ የተሰጠ ያስመስለዋል። ብዙ ሰጪዎች ገንዘቡን በአንድ ጊዜ አይለቁም፤ በውሉ የተጻፈው ሥራ ደረጃ በደረጃ መጠናቀቁ እየታየ ይከፈላል፣ ወጪው በደረሰኝ ይረጋገጣል፣ ከዓላማው ውጭ የዋለ ገንዘብም ተመላሽ እንዲሆን ሊጠየቅ ይችላል። አንዳንዶቹ ደግሞ አመልካቿ ከራሷ በኩል ተመጣጣኝ መዋጮ እንድታቀርብ ያስገድዳሉ፤ ስለዚህ በእጇ ምንም ለሌላት ሴት እንዲህ ያለው ግራንት ከብድር ይልቅ ሊርቃት ይችላል።

ጥሩ ሃሳብና በባለሙያ የተጻፈ ፕሮፖዛል በቂ ነው የሚለው ግምት ይበልጥ ጉዳት ያደርሳል፤ ለፕሮፖዛል ጸሐፊ የሚከፈለው ገንዘብ ብዙ ጊዜ በከንቱ የሚወጣውም በዚህ ምክንያት ነው። ገምጋሚዎች ከሃሳቡ በፊት የንግድ ፈቃዱን፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን፣ የባንክ ሂሳቡንና የሂሳብ መዝገቡን ይጠይቃሉ፤ እነዚህ ሰነዶችም በማን ስም እንደተመዘገቡ ያያሉ። ችግሩ የሚገጥመው እዚህ ላይ ነው። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ባልን የቤተሰብ አስተዳዳሪ ያደርግ የነበረውን የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ድንጋጌ ሽሮ ባልና ሚስትን እኩል ያደረገ ሲሆን፣ በጋብቻ ውስጥ በግል ጥረት የተገኘ ገቢም የጋራ ሀብት እንደሚሆን ደንግጓል። ሆኖም ሱቁን ከጠዋት እስከ ማታ የምታንቀሳቅሰው ሚስት ሆና ፈቃዱ በባል ስም ከወጣ፣ በሕግ የጋራ የሆነው ንግድ በግራንት ሰጪው ዘንድ የሴት ንግድ ተብሎ አይቆጠርም። ከፕሮፖዛል በፊት መስተካከል ያለበት ይህ ነው።

ግራንት ያላገኘች ሴት ያለ ቤት ካርታ ብድር አይታሰብላትም መባሉም ዛሬ ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ማሽን፣ ከብትና የንግድ ዕቃ የመሳሰሉት ተንቀሳቃሽ ንብረቶች በመያዣነት ሊመዘገቡ ይችላሉ፣ ምንም እንኳ ሕግ መውጣቱና አበዳሪው መቀበሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ቢሆኑም።

ፍለጋውን ለሴቶች ብቻ በተለዩ ፕሮግራሞች መወሰንም አላስፈላጊ ነው። የናይጄሪያው የቶኒ ኤሉሜሉ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለአፍሪካውያን ጀማሪ ነጋዴዎች፣ ለሴቱም ለወንዱም፣ ሥልጠና ሲጠናቀቅ በውድድር 5,000 ዶላር የሚሰጥ ሲሆን ለማመልከት ክፍያ አይጠይቅም።

በአሜሪካ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ መንግሥት ለሴቶች የንግድ መነሻ ገንዘብ በነጻ ይሰጣል ይባላል። የፌዴራሉ የአነስተኛ ንግዶች አስተዳደር ግን ንግድ ለመጀመር ወይም ለማስፋፋት ግራንት አይሰጥም፤ ለሴት ነጋዴዎች ሥልጠናና ምክር የሚሰጡ ማዕከላትን ይደግፋል፣ በመንግሥት ግዢም ቢያንስ 51 በመቶ በሴት ዜጎች የተያዙ ድርጅቶች የሚወዳደሩበት የተለየ መስመር አለ፤ ግሪን ካርድ ብቻ ያላት ሴት በዚህ መስመር አትገባም። ግራንት የሚሰጡ የግል ድርጅቶች አሉ፤ እሱም ቢሆን ለዘለቄታው የሚታመን አይደለም፤ በአትላንታ ለጥቁር ሴት ነጋዴዎች 20,000 ዶላር ይሰጥ የነበረው የፊርለስ ፈንድ ፕሮግራም በፍርድ ቤት ክርክር ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2024 ተዘግቷል።

የማመልከቻ ክፍያ መጠየቁ ብቻውን የማጭበርበር ማስረጃ አይሆንም፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረውና ለሴት ነጋዴዎች የሚሰጠው የአምበር ግራንት በግልጽ የተነገረ አነስተኛ ክፍያ ይቀበላል። አንዲትን ሴት ባላመለከተችበት ውድድር አሸንፈሻል ብሎ ገንዘቡን ለማስለቀቅ «የአገልግሎት» ወይም «የግብር» ክፍያ አስቀድማ እንድትልክ የሚጠይቃት ሰው ግን ያለ ጥርጥር አጭበርባሪ ነው።