ቀጋ፦ አገር በቀሉ የደጋ ጽጌረዳ

ቀጋ (ሮዛ አቢሲኒካ) በሐሩራማው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል ብቸኛ የጽጌረዳ ዝርያ ነው። ሳይንሳዊ ስያሜው የታተመው በ1820 እ.ኤ.አ. በእንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ጆን ሊንድሊ ነው።

ቅርንጫፎቹ ቆልማማ እሾህ አላቸው። እያንዳንዱ ቅጠል ጠርዛቸው እንደ መጋዝ ጥርስ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ከሚደርሱ ንዑሳን ቅጠሎች የተዋቀረ ነው። ነጩና መዓዛማው አበባ 5 የአበባ ቅጠሎችና በርካታ ወንዴ ዘሮች ይዟል። እረኞች ለቅመው የሚበሉት ቀይ ፍሬ በዕፅዋት ሳይንስ አገላለጽ እውነተኛ ፍሬ አይደለም፤ ጽዋ መሰሉ የአበባው መቀመጫ ሥጋ ለብሶ የሚፈጥረው ነው። እውነተኛዎቹ ፍሬዎች በውስጡ የሚገኙት፣ ዘር የሚመስሉ ጠንካራ ቅንጣቶች ናቸው። ሥጋውን የሚበሉ ወፎች እነዚህን ቅንጣቶች ያሰራጫሉ።

ቀጋ ብርሃን ወዳድ በመሆኑ በደን ጠርዝ፣ በወንዝ ዳርና በማሳ አጥር ላይ ይበቅላል። በአዊ ዞን፣ በእንጅባራና በዳንግላ መካከል በምትገኘው ፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ለከሰል የሚመረተው የአውስትራሊያው ዲከረንስ በገበሬዎች ማሳ ላይ በስፋት ሲተከል ቆይቷል። ዛፉ ተጠጋግቶ የሚተከልና በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሚቆረጥ በመሆኑ፣ እንደ ቀጋ ላሉ ቁጥቋጦዎች መጠጊያ ሊሆን የሚችለው በዋናነት የማሳው ዳርቻ ነው። ስለዚህ በአካባቢው የሚደረግ የዕፅዋት ቆጠራ ከደን ይዞታዎች ባሻገር አጥሮችንና የማሳ ድንበሮችን ሊያካትት ይገባል።