የዶልፊን ጥርስ

በሰሜን ስኮትላንድ፣ ከኢንቨርነስ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ቻኖንሪ ፖይንት የሚባል ወደ ባሕር የሾለ ጠባብ መሬት አለ። ባሕሩ መሙላት ሲጀምር ዶልፊኖች ሳልሞን እያሳደዱ እስከ ጠጠሩ ዳርቻ ድረስ ይጠጋሉ። ጎብኚው ካሜራውን ደግኖ ይጠብቃቸዋል፤ አንዱ ዘሎ ሲወጣ ሕፃን አዋቂው ይጮኻል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዚሁ ሞሬይ ፈርዝ በሚባለው ባሕረ ሰላጤ ዳርቻዎች የፖርፖይዝ ሬሳ በብዛት ይገኝ ነበር።

ፖርፖይዝ የዶልፊን የሩቅ ዘመድ ነው፤ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙም አያልፍም፣ አፉ አልሾለም፣ ጀልባ ሲያይ የሚሸሽ ዓይን አፋር እንስሳ ነው። ሬሳው ከላይ ሲታይ የሞተበት ምክንያት አይገለጥም። ቆዳው ላይ ጎን ለጎን የተሰመሩ ጭረቶች አሉ፣ ከዚያ ውጪ ደህና ይመስላል። ሐኪም ሲከፍተው ግን የጎድን አጥንቱ ተሰባብሯል፣ ሳንባው ተቀዷል፣ የሆድ ዕቃው በምት ተጎድቷል። ጀልባ ገጨው እንዳይባል ጭረቶቹ አሉ። በጭረቶቹ መሐል ያለው ርቀት ሲለካ ከዶልፊን ጥርሶች ክፍተት ጋር ገጠመ። ዶልፊኖች ፖርፖይዝ እያሳደዱ ሲመቱ በዓይናቸው ያዩ ሰዎችም ነበሩ። ሮስ እና ዊልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን በ1996 በብሪታንያ ሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ላይ አወጡት።

የሚያስገርመው ዶልፊኑ የገደለውን አለመብላቱ ነው። ታዲያ ለምን ይገድላል? ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣ ሌላ ጥናት አንድ ፍንጭ ሰጠ፦ በዚያው ጠረፍ ሞተው ከተገኙ የዶልፊን ግልገሎች አብዛኞቹ ላይ ያው ዓይነት ስብራትና የጥርስ ጭረት ታየ። ዶልፊኖች የራሳቸውን ዘር ግልገልም ይገድላሉ ማለት ነው። እናት ዶልፊን ግልገሏን ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ስታጠባ ትቆያለች፤ ከዚህ ጊዜ አብዛኛውን ወንድ አትፈልግም። ግልገሉ ከሞተ ግን ብዙ ሳትቆይ ለመፀነስ ትዘጋጃለች። ፖርፖይዝ ደግሞ በመጠኑ ግልገል ያህላል። አንዳንዶች ነገሩን ለግልገል ግድያ እንደ ልምምድ ያዩታል፤ ሌሎች የዓሣ ሽሚያ ነው ይላሉ። በካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ባሕረ ሰላጤ በፖርፖይዝ ላይ ጥቃት ሲያደርሱ ከታዩትና ፆታቸው ከታወቀው አብዛኞቹ ወንዶች መሆናቸው ሚዛኑን ከሽሚያው ይልቅ ወደ ወንዶቹ ጠባይ ያጋድለዋል ባይ ነኝ።

የወንዶቹ ጠባይ ከየትም በላይ የተጠናው በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ሻርክ ቤይ ውስጥ ነው። ተመራማሪው ሪቻርድ ኮነርና ባልደረቦቹ ከ1980ዎቹ ጀምሮ እያንዳንዱን ዶልፊን በጀርባ ክንፉ ቅርጽ እየለዩ ተከታተሉ። ሁለት ወይም ሦስት ወንዶች ጓደኛ ሆነው አንዲት ሴት ይከብባሉ፤ እንደ በር ማንኳኳት ያለ ተከታታይ ድምፅ ያሰሙባታል። ትርጉሙ «ቅረቢ» ነው። ካልቀረበች ያሳድዷታል፣ በጅራት ይመቷታል፣ ይነክሷታል። አንዳንዴ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት አይለቋትም። ሌላ ቡድን መጥቶ ሊነጥቃቸው ስለሚችል ከሦስተኛ ቡድን ጋር ይወዳጃሉ፤ በጠብ ቀን ያ ወዳጅ ቡድን ይደርስላቸዋል። ይህ ኅብረት ለዓመታት ይዘልቃል። ለእኔ ከጭካኔው ይልቅ የሚደንቀው ስሌቱ ነው፦ ማን የማን ወዳጅ እንደሆነ ማወቅ፣ ውለታን ማስታወስ፣ ጓደኛን በፉጨቱ መለየት። የምናደንቅለት ብልህነቱ ለዚህም ይውላል።

ዶልፊን በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ጥቂት ነው፤ የሚበዛውም መንጋ ከሌላቸው ብቸኛ ዶልፊኖች ይመጣል። በ1994 በብራዚል ሳኦ ፓውሎ ጠረፍ ቲያኦ የተባለ ብቸኛ ዶልፊን ከዋናተኞች ጋር ተላምዶ ነበር። ሰዎች ሊጋልቡት ሞከሩ፣ ክንፉን ያዙት፣ በመተንፈሻ ቀዳዳው ነገር ሊከቱበት ሞከሩ። ብዙ ሰው አቆሰለ፣ አንድ ሰውም ሞተ። እኔ ከሳሽ ብሆን ዶልፊኑን ከተከሳሾች ዝርዝር አወጣው ነበር። በጃፓን ፉኩይ ጠረፍም ከ2022 ወዲህ ዋናተኞች ተነክሰዋል፤ የጎድን አጥንቱ የተሰበረም አለ።

ሰውን የሚያዘናጋው ያ ፈገግታ ነው። ፈገግታው ግን የመንጋጋው ቅርጽ እንጂ የስሜቱ ምልክት አይደለም፤ ሲናደድም፣ ሲታመምም፣ ከሞተም በኋላ ያው ነው። ቁጣው የሚታወቀው በሌላ ነው፦ መንጋጋውን በኃይል ያጋጫል፣ ራሱን ወደ ላይና ወደ ታች ይንጣል፣ ውሃውን በጅራቱ ይመታል። ፍሎሪዳ ወርዶ ጀልባ የሚከራይ ሐበሻም ይህን ቢያውቅ አይጎዳም። በአሜሪካ ሕግ የዱር ዶልፊን መመገብ ወይም ማስጨነቅ ክልክል ነው፤ ከ45 ሜትር ገደማ ባነሰ ርቀት እንዳይጠጉትም ይመከራል።